ያለንበትን በአፍ መናገር



በኤፕሪል 2024 መጀመሪያ ቴል አቪቭ መንገድ ዳር ቆሞ ስልኩን የከፈተ ሰው ራሱን ቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ አገኘው። ዌይዝ የተባለውን የመንገድ መሪ መተግበሪያ የከፈተ ሹፌር መኪናው ሊባኖስ ገብታለች ተባለ። ስልኩ አልተበላሸም፤ ሳተላይቶቹም አልወደቁም። የጠላት ሚሳይልና ድሮን ዒላማውን እንዳያገኝ ምልክቱ ሆን ተብሎ እንደተረበሸ የእስራኤል ሠራዊት ቃል አቀባይ በአደባባይ ተናገሩ። የፒኩድ ሃዖሬፍን፣ የሕዝብ መከላከያ ዕዙን፣ ማስጠንቀቂያ በስልካችን የምንቀበል ሰዎችም ከተማችንን ራሳችን መርጠን እንድናስገባ ተመከርን። ስልኩ አሽቀሎን መሆናችሁን አውቅላችኋለሁ ማለቱን ትቶ እኛን መጠየቅ ግድ ሆነበት ማለት ነው።

ዛሬ ወደ እናንተ፣ ወደ አሽቀሎን ወላጆች፣ የተጠራሁት ለጉዞ ስለሚያዘው የእጅ መገናኛ፣ በዚህ አገር መክሺር ኬሼር ስለምንለው፣ በተለይም ጂፒኤስ አብሮት ስለተሠራው ዓይነት እንድናገር ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ልጃችሁ ከጓደኞቹ ጋር ለቲዩል፣ ለእግር ጉዞ፣ ወደ ኔጌቭ ወይም ወደ ጎላን ሲሄድ "ልግዛለት ወይ?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። መልሴን ሳላቆይ ልናገር፦ ግዙለት፤ ግን ለጂፒኤሱ ብላችሁ አይሁን። ሰው ከሰው ለሚነጋገርበት ብላችሁ ግዙለት፤ ያለበትንም ቦታ በአፉ መናገር አስተምሩት። የቀረው ንግግሬ የዚህ ምክንያት ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ጂፒኤስ የያዘ ሰው ከሰማይ ይታያል ብሎ ያምናል። አይታይም። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው 30 ገደማ የአሜሪካ ሳተላይቶች ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራል። ሥራቸው በውስጣቸው ባለው የአቶሚክ ሰዓት እየተመሩ "ሰዓቱ ይህ ነው፤ እኔ ያለሁት እዚህ ነው" እያሉ ያለማቋረጥ ማወጅ ነው። በእጃችን ያለው መሣሪያ አዋጁን ይሰማል እንጂ አንዲት ቃል አይመልስም። ምልክቱ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከሰከንድ መቶኛ ሰባት ያህል ይፈጅበታል። መሣሪያው ያንን መዘግየት ለክቶ ርቀቱን ያሰላል፤ አራት ሳተላይት ከሰማ የቆመበትን ያውቃል። ሰማዩ ክፍት ሲሆን ስህተቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ሰዓቱ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቢዛነፍ ግን ርቀቱ 300 ሜትር ይስታል። ሩሲያ ግሎናስ፣ አውሮፓ ጋሊሊዮ፣ ቻይና ቤይዱ የተባሉ የየራሳቸው ሳተላይቶች አሏቸው፤ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ሁሉንም ይሰማሉ። አሠራሩ ግን ያው ነው።

መስማት ብቻ በመሆኑ የስልክ ኔትወርክ በሌለበት፣ በኔጌቭ በረሃ ማኽቴሽ ራሞን ገደል ታች ሆናችሁም ቢሆን ይሠራል፤ ካርታው አስቀድሞ ስልኩ ላይ ከወረደ ማለት ነው። ክፋቱም ከዚያው ይመጣል። መንገድ የጠፋበት ልጅ ያለበትን በጥቂት ሜትር ልዩነት ያውቃል፤ ከእሱ በቀር ግን ማንም አያውቅም። እግሩ ተሰብሮ ቋጥኝ ሥር የተቀመጠ ሰው አድራሻውን አሳምሮ ይዞ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው መገናኛው ከአቅጣጫ ጠቋሚው ይበልጣል የምለው።

ሁለተኛው ድክመት ቤሩትን ያሳየን ነው። የሳተላይቱ ምልክት ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲደርስ እጅግ ይደክማል፤ ሠርግ ቤት ከበሮ እየተመታ ከማዶ የሚያንሾካሹክን ሰው እንደ መስማት ነው። ቅርብ ያለ ትንሽ ማሠራጫ በዚያው ሞገድ ቢጮህ ይውጠዋል። ተንኮለኛ ከሆነ ደግሞ የሳተላይቱን ድምፅ አስመስሎ የሐሰት ቦታ ይነግራል። መሣሪያው እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበት ዓይን የለውም። ከጋዛ አሥራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀን ለምንኖር ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሰሜንም በደቡብም ሰማዩ ሲረበሽ አይተናል፤ ሲረበሽም ማንም አስቀድሞ አይነግረንም።

ጂፒኤስ ከወታደር መንደር መምጣቱን ካሰብን አይደንቅም። የመጀመሪያው የጂፒኤስ ሳተላይት በ1978 የመጠቀው ለአሜሪካ ጦር ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን ከመስመሩ ወጥቶ የሶቪየት ሰማይ ገባ፤ ተመትቶም 269 ሰው አለቀ። ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪሉም እንደሚከፈት ያሳወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቢከፈትም ለሲቪሉ የሚሰጠው ሆን ተብሎ ይደበዝዝ ነበር፤ መቶ ሜትር ያህል መሳት የተለመደ ነበር። ያ ማደብዘዣ የቀረው በሜይ 2000 ነው። የተራራ ተጓዡ፣ ዓሣ አጥማጁና የታክሲ ሹፌሩ የልብ ልብ ያገኙት ከዚያ ወዲህ ነው።

የእጅ ሬዲዮውም ያው የጦር ልጅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞቶሮላ በእጅ የሚያዘውንም በጀርባ የሚታዘለውንም ለአሜሪካ ወታደር ሠርቶ ነበር፤ የሚታዘለው በአምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ያነጋግራል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጁ በጻሃል፣ በእስራኤል ሠራዊት፣ የኬሼር ማለትም የመገናኛ ሠራተኛ የነበረ ወላጅ እንዳለ እገምታለሁ፤ ያ ልጅ ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል።

ሁለቱን ያጋባው ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ነው። በ2002 ሪኖ የተባለ መሣሪያ ለገበያ አወጣ፤ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ሬዲዮም ጂፒኤስም የሆነ። ብልሃቱ ይህ ነው፦ አንዱ ሲናገር መሣሪያው ያለበትን ቦታ በአጭር ምልክት አድርጎ በሬዲዮው ይልካል፤ ጓደኛው ስክሪን ላይም ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሳተላይቱ የነገረውን ለሌላ ሰው የሚያቀብል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ድክመት፣ ማለትም "እኔ አውቃለሁ፣ ሌላ ግን አያውቅም" የሚለውን፣ ይህ መሣሪያ አርሞታል። አምስት ዋት ጉልበት ያላቸው ተከታዮቹም ወጡ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አደንቀዋለሁ። የተላከው ቦታ ከመነሻው ሐሰት ከሆነ ግን ጓደኛውም የሚያየው ያንኑ ሐሰት ነው። ሁለት ሰው በአንድ ላይ ቤሩት ይገባል።

አሁን ስለ ርቀት። የአምስት ዋቱ ሪኖ ማስታወቂያ 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ይላል። ውሸት አይደለም፤ ግን አንዱ ተራራ ጫፍ፣ ሌላው ማዶ ተራራ ጫፍ ሆነው መሃላቸው ባዶ ሲሆን ነው። እነዚህ ሬዲዮዎች የሚሠሩበት ሞገድ ከሞላ ጎደል እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጉብታ አይወጣም፤ ድንጋይም አይበሳም። ልጆቹን ይዛችሁ እዚሁ ባሕር ዳር ሞክሩት። የአንድ ሰው ዓይን በባሕሩ ላይ አድማሱን የሚያየው አምስት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ቆመው መሃላቸው ውኃ ብቻ ቢሆን ዘጠኝ ወይም አሥር ኪሎ ሜትር ላይ መሬት ራሷ ጎብጣ ትጋርዳቸዋለች። ዋቱ ቢጨመር ይህ ብዙም አይለወጥም። ከዚያ ከባሕሩ ወጥታችሁ ወደ ፎቆቹ መሃል ግቡ፤ በግማሽ ዋት የምትነጋገሩበት ርቀት ወደ ጥቂት መቶ ሜትር ይወርዳል። ወደ ኔጌቭ ገደላገደል ስትገቡማ አንዲት ኩርባ ትበቃለች፤ ከፊት የሄደው ጓድ ሁለት መቶ ሜትር ሳይርቅ ድምፁ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ነው ሰዎች ተሳስተው ሲያሳስቱ የምሰማው። ሬዲዮው ዝም ሲል ቶሎ ቶሎ ቁልፉን ይጫናሉ፣ ይጮሃሉ፣ ባትሪውን ይጨርሳሉ። ማድረግ ያለባቸው ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ነው። ሃያ ሜትር ወደ አፋፉ መውጣት ሃያ ሺህ ሸቀል ከሚያወጣ አንቴና ይሻላል፤ አጋንኜ ነው፣ ግን በጥቂቱ ነው።

ስለ ሕግ አጭር ቃል። ሞገድ የመንግሥት ሀብት ነው፤ እያንዳንዱ አገር እንደየራሱ ይደለድለዋል። የአሜሪካዎቹ ሬዲዮዎች በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራሉ፤ ጠንካራው ዓይነት እዚያው አሜሪካም ፈቃድ ይጠይቃል። በአውሮፓ ለሕዝብ የተተወው 446 ሜጋኸርዝና ግማሽ ዋት ነው። ከአሜሪካ ያለ ዘመድ በስጦታ የላከላችሁን መሣሪያ ከማብራታችሁ በፊት እዚህ የመገናኛ ሚኒስቴርን መጠየቅ ይገባል፤ ጦሩ፣ ፖሊሱና አምቡላንሱ የሚጠቀሙበትን ሞገድ መርገጥ ጨዋታ አይደለም። ዘመድ ልጠይቅ ብላችሁ ጎንደር የምትሄዱ ደግሞ ይህን ዕቃ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮና የሳተላይት ስልክ ያለ ቅድመ ፈቃድ አይገባም፤ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ስሜን ተራሮችን ለማየት የሚወጣ ሰው ደባርቅ ተመዝግቦ፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይዞ ይሄዳል፤ የአገሩን ገደል የሚያውቅ ሰው እያለ ሬዲዮ ምን ያደርግላችኋል?

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከትግራይ ተነስተው ወደ እስራኤል ለመምጣት ሱዳን ድረስ በእግራቸው የሄዱ አሉ። ካርታ አልነበራቸውም፤ ኮምፓስም አልነበራቸውም። ሌሊት እየተጓዙ ቀን ይደበቁ ነበር። መሪ ተብሎ የተቀጠረው አንዳንዱ መርቶ አደረሰ፤ አንዳንዱ ዘረፈ። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉት የሱዳን ካምፖች አራት ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ከ2007 ጀምሮ ኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በአውሮፕላን የመጣው ይህን መንገድ ጨርሶ ነው። ከዚያም በፊት ቤተ እስራኤላዊው ፈረደ አክሉም ሱዳን ገብቶ መንገዱን ካስከፈተ በኋላ በባሕር የወጡ አሉ። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ዓሩስ በተባለ ቦታ የሞሳድ፣ የእስራኤል የስለላ ድርጅት፣ ሰዎች የጠላቂዎች መዝናኛ ከፍተው ነበር። ከቴል አቪቭ ጋር የሚገናኙበትን ሬዲዮ የደበቁት የመጥለቂያ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ነው። እንግዶች ከላይ ቆዳቸውን በፀሐይ ያጠቁራሉ፤ ከማከማቻው የሚወጣው መልእክት ግን የእናንተ ጉዳይ ነበር።

ይህን የማነሳው ለዝክር ብቻ አይደለም። የባሕሩ ዳር ሰዎች ሬዲዮ ነበራቸው፤ ተጓዡ ደግሞ የመሬት ዕውቀት ነበረው። እናቶች ሆይ፣ አንድ ቦታ የት ነው ተብላችሁ ስትጠየቁ እንዴት እንደምትመልሱ አድምጫለሁ። "ከምንጩ ወረድ ብሎ፣ ከሾላው ማዶ፣ ሁለቱ ወንዞች ከሚጋጠሙበት በላይ፣ አፋፉ ላይ፣ ጧት ፀሐይ ቀድሞ የሚያገኘው ፊት" ትላላችሁ። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከፍታ አለ፤ አቅጣጫ አለ፤ ምልክት አለ፤ ርቀትም ይገመታል። ማንም ሊረብሸው አይችልም። እዚህ የተወለደውን ልጅ "የት ነህ?" ብላችሁ ጠይቁት። "ሎኬሽን ልላክልሽ" ይላል። መላክ ባይችልስ? ይህ ስድብ አይደለም፤ የእኔም ልጆች እንዲሁ ናቸው። ያልተማሩት ግን እኛ ስላላስተማርናቸው ነው።

የሬዲዮ ጥቅም እዚህ ላይ ይገለጣል። በሬዲዮ ፎቶ አይላክም፤ ነጥቡን የሚልከው ዓይነትም ሲረበሽ ይስታል። የሚቀረው ድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ የሚናገረውን የሚያውቅ አፍ ይፈልጋል። ልጁ እንዲህ ማለት ቢችል በቂ ነው፦ "ከመኪና ማቆሚያው ተነስተን በጥቁሩ ምልክት አንድ ሰዓት ያህል ወርደናል፤ ሁለት ደረቅ ወንዝ የሚጋጠምበት ደርሰናል፤ በስተቀኝ ብቻውን የቆመ ግራር አለ፤ ፀሐይ ከጀርባችን ናት፤ አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል፤ ውኃ አለን።" ይህን የሰማ ፈላጊ የሚሄድበትን ያውቃል። በዚህ አገር መንገዶቹ በሁለት ነጭ መሃል ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ተቀብተዋል። ከቂቡጽ ዳን እስከ ኤይላት የሚወርደውና ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ሽቪል ይስራኤል የተባለው የእግር ጉዞ መንገድ ደግሞ ብርቱካናማ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው። የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ የሚያሳትማቸው የጉዞ ካርታዎች በ1:50,000 መጠን የተሠሩ ናቸው፤ በወረቀቱ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር በመሬት አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ወረቀት ባትሪ አይጨርስም። ዕብራይስጡን ልጁ ያውቀዋል፤ አገር ማየቱን እናንተ አሳዩት።

መሣሪያው የማያደርገውንም ልናገር። ኤፕሪል 26 ቀን 2018 በነሐል ጻፊት ደረቅ ወንዝ ለቅድመ ወታደራዊ ትምህርት ከተመዘገቡ ወጣቶች አሥሩ በጎርፍ ተወሰዱ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር። ከልጆቹም መካከል ስጋታቸውን አስቀድመው በዋትሳፕ የጻፉ ነበሩ። መገናኛ አልጎደለም፤ የጎደለው "አንሄድም" የሚል ሰው ነው። የበረሃ ጎርፍ በሩቅ ተራራ የዘነበ ዝናብ ነው፤ ራስህ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ይደርሳል። ቆላ የወረደ አባት ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል፤ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አይተኛም። ልጁ የትኛውንም ዕቃ ቢይዝ ዝናብ በተተነበየበት ቀን ከወንዝ ወለል መራቁን የሚወስነው ሰው እንጂ ሬዲዮ አይደለም።

አንድ የገበያ ምክር ብቻ ልጨምር። ብቻውን ሩቅ የሚሄድ ሰው ሬዲዮ አይበቃውም፤ የሚሰማው ጓደኛ አጠገቡ የለምና። ለእሱ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይሻላል፤ ከፍ ካለም በ406 ሜጋኸርዝ የአደጋ ጩኸት የሚያሰማው ዓይነት። ይህን ጩኸት የሚያዳምጠው ኮስፓስ-ሳርሳት የተባለው ሥርዓት ነው፤ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል፣ በ1979 ተስማምተው ጀመሩት። ሰው ሲጠፋ ጠላትም ተስማምቶ ይፈልጋል፤ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በቡድን ለሚሄዱት ግን የእጅ ሬዲዮ ትክክለኛ ዕቃ ነው፤ ሁለት ይበቃል። አንዱ ከፊት መሪው ዘንድ፣ ሌላው ከኋላ መአሴፉ፣ የመጨረሻው ጠባቂ፣ ዘንድ ይሁን፤ መሃል ያለው ሰው ሁሉ በሁለቱ መካከል ነው። ቁልፉን ተጭኖ አንድ አፍታ ሳይጠብቅ የሚናገር ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይቆረጥበታል፤ "አትውረዱ" ያለው "ውረዱ" ሆኖ ሊሰማ ይችላል። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት አለበት፤ በዚህ ሞገድ ሁለት ሰው እኩል አይሰማም። ገደል ውስጥ ድምፅ እንደሚጠፋ ታውቃላችሁና ከመነሳታችሁ በፊት "በየሰዓቱ መጀመሪያ ላይ ከፍ ካለ ቦታ እንጠራራለን፤ ሁለት ጊዜ ካልተሰማን መጨረሻ የተነጋገርንበት ቦታ ተመልሰን እንገናኛለን" ብላችሁ ተስማሙ። ይህ ስምምነት ከሌለ ሬዲዮው መጫወቻ ነው።

በሚቀጥለው በዓል ልጃችሁ ቦርሳውን ሲያዘጋጅ ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚሄድ፣ ድምፅ ቢጠፋስ የት እንደሚገናኙ ጠይቁት። ካልመለሰላችሁ መሣሪያውን አትስጡት፤ እስኪመልስ ድረስ አብራችሁት ቁጭ በሉ። የፖሊሱን 100 እና የአምቡላንሱን 101 በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ክተቱለት። የወረቀት ካርታም ግዙለት፤ ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ልጁ መንገዱን በጣቱ እየተከተለ በአማርኛም በዕብራይስጥም ይንገራችሁ። አያቶች ካሉ አጠገቡ ይቀመጡ፤ ሲስት ያርሙታል።